የትሪኒዳድ በርሜል፣ የዋግ ከበሮ

(በዋግ፣ ጋዝጊብላ፣ አስከተማ፣ ለወጣቶች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ዲስኩር)

 

የጥሪ ደብዳቤያችሁ አጭር ነበር፤ ጥያቄው ግን ትልቅ ነው። «ልጆቻችን የሻደይ በዓል ሲደርስ ሀገሩን ያደምቁታል። ሻደይ ሲያልፍ ከበሮው ይሰቀላል፤ ልጆቹም ይበተናሉ። ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚጫወት የልጆች ቡድን እንዴት እናቋቁም? ገንዘብ የለንም፤ መሣሪያም የለንም» ይላል። እኔም መልሱን ፍለጋ ከዚህ እጅግ ወደሚርቅ ሀገር ልወስዳችሁ መጥቻለሁ። ሀገሩ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ይባላል። ዘፈኑ ካሊፕሶ፣ መሣሪያው ስቲል ፓን ነው። ያንን መሣሪያ ከወዳደቀ ብረት ቀጥቅጠው ያወጡት ገንዘብም መሣሪያም ያልነበራቸው የድሃ ሰፈር ልጆች ናቸው።

አራት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ፣ እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር ምን አላቸው? ሁለተኛ፣ በርሜል እንዴት የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ? ሦስተኛ፣ እኛ ዋግ ውስጥ ምን አለን? አራተኛ፣ በምን እንጀምር? የማምንበትን ግን ከወዲሁ ልናገር። ዋግ የጎደላት መሣሪያ አይደለም። የጎደላት ልጆች በየሳምንቱ የሚሰበሰቡበት ግቢና አብሯቸው የሚቆም አስተማሪ ነው። ይህን ቃል ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ትሪኒዳድና ቶቤጎ በካሪቢያን ባሕር፣ ከቬኔዙዌላ ጠረፍ አጠገብ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ከሕዝቡ ብዙው አያት ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የሄዱበት ነው፤ ባርነት ከቀረ በኋላ ደግሞ ከሕንድ ብዙ ሠራተኛ ገባ። ካሊፕሶ የበቀለው እዚያ ነው። ዘፋኙ ከዐቢይ ጾም በፊት በሚከበረው የካርኒቫል በዓል ሰሞን ሕዝብ ፊት ቆሞ የሰሞኑን ወሬ በግጥም ያወርዳል፦ የኑሮ ውድነቱን፣ የገዥውን በደል፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ ፍቅሩን። ርዕስ ተሰጥቶት እዚያው በቆመበት ግጥም የሚያወጣም አለ። ጋዜጣ መግዛት ያልቻለ ሰው ዜናውን የሚሰማው ከዘፋኙ አፍ ነበር። እንግሊዞቹ ገዥዎች ይህን አውቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዘፈኑን በሕግና በፖሊስ ይቆጣጠሩት ጀመር፤ ዘፋኞቹም አንዱን እየተናገሩ ሌላውን መውጋት ተማሩ። አዝማሪ ለሚያውቅ፣ ሰምና ወርቅ ለሚፈታ የሀገሬ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብደኝም።

«ታዲያ ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ሲወር፣ የትሪኒዳድ ወደብ ሠራተኞች የጣሊያንን መርከብ ጭነት አናራግፍም ብለው ቆሙ። ግራውሊንግ ታይገር በሚል ስም የታወቀው ዘፋኝ ኔቪል ማርካኖ ሙሶሊኒን የሚወቅስ፣ «የአፍሪካ ወርቅ» የሚል ካሊፕሶ እ.ኤ.አ. በ1936 ኒው ዮርክ ሄዶ አስቀረጸ። እዚህ ዋግ ውስጥ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ወራሪውን ተዋግተው በወደቁበት በዚያ ዘመን፣ አይቶን የማያውቅ ሕዝብ ባሕር ማዶ ሆኖ ስለ እኛ ይዘፍን ነበር። ከዚያም በፊት፣ እዚያው ካሪቢያን ባርባዶስ ደሴት የተወለደው ሙዚቀኛ አርኖልድ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1930 አዲስ አበባ ገብቶ ኖሯል፤ በ1935 ያረፈውም እዚያው ነው። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ አዲስ አበባ ላይ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን መሥርታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አስተምራለች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 10 ቀን 1958 ዓ.ም. ትሪኒዳድን ጎብኝተው ከዚያ ነው ወደ ጃማይካ የተሻገሩት።

አንድ ስም ልጨምር። ሃሪ ቤላፎንቴ ወላጆቹ ከጃማይካ የሆኑ፣ ኒው ዮርክ የተወለደ ዘፋኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 «ካሊፕሶ» የሚል አልበም አውጥቶ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠለት፤ በብዙ ዓለም ዘንድ የካሊፕሶ ስም የታወቀው በእሱ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የዋግ ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ ኮረም በተሰደደበት ጊዜ፣ የአሜሪካ ዘፋኞች አንድ ላይ ተሰብስበው ለእኛ ይዝፈኑ የሚለውን ሐሳብ ያነሳው ይኸው ሰው ነበር፤ «ዊ አር ዘ ዎርልድ» የተባለው ዘፈን የወጣው ከዚያ ነው። እሱ ራሱም በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ድረስ መጣ። እናቶቻችን፣ ያን ዘመን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታስታውሱታላችሁ። ይህን ያነሳሁት ካሊፕሶ ለእኛ ባዕድ ዘፈን እንዳይመስለን ነው። ባለውለታችን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ በርሜሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለእናንተ ብዙ የሚጠቅመው ይህ ነውና።

ከባርነት የወጡት አፍሪካውያን ትሪኒዳድ ውስጥ በዓላቸውን የሚያከብሩት በቆዳ ከበሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 በካርኒቫል ሌሊት ፖሊስና ሕዝብ ተጋጩ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መንግሥት ከበሮውን በሕግ ከለከለ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ቀርከሃ ቆረጠ። ወፍራሙን ቀርከሃ መሬት ላይ እየመታ፣ ቀጭኑን እርስ በርስ እያጋጨ በየመንገዱ ዘፈነ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ የሰፈር ልጆች የብስኩት ጣሳ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን፣ የመኪና ፍሬን ብረት ያዙ። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ ብረቱ ግን ይጮኻል፣ አይሰበርምም።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋሉ። ጣሳው ሲመታ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ቦታ ከሌላው የተለየ ድምፅ ይሰጣል። ከውስጥ መልሰው ወደ ላይ ቢያነሱት ድምፁ ይቀየራል። እንግዲህ አንድ ጣሳ ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት ድምፅ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው! በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሳ ወጣቶች አንዱ ዊንስተን ሳይመን ነው፤ ሰፈሩ «ስፕሪ» ይለው ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1946ቱ ካርኒቫል የእንግሊዙ ገዥ ባለበት መዝሙርና ዘፈን በአንድ ጣሳ ላይ ተጫውቶ ሰውን ሁሉ አስደነቀ። ኤሊ ማኔት የሚባል ሌላ ወጣት ደግሞ ትልቁን የነዳጅ በርሜል ወሰደ። ትሪኒዳድ ነዳጅ የሚወጣባት ሀገር ናት፤ በጦርነቱም ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሰፍሮባት ነበር፤ ባዶ በርሜል በየቦታው ወድቆ ይገኛል። እኛ ውኃ የምናጠራቅምበት ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ማለት ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የበርሜሉ ታች ወደ ላይ ይገለበጣል። በከባድ መዶሻ ቀስ እየተባለ እንደ ሰታቴ እስኪጎደጉድ ይቀጠቀጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ በብረት ምስማር ዙሪያው እየተነጠበ ከጎረቤቱ ይለያል። ወፍራም ድምፅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ እሱ ዳር ዳሩን ይይዛል። ቀጭኑ ድምፅ መሀል ላይ በትንሽ ቦታ ይቀመጣል። ጎኑ በሚፈለገው ቁመት ይቆረጣል፤ ብረቱ በእሳት ይግላል። በመጨረሻ አዋቂው በትንሽ መዶሻ ከላይም ከታችም መታ መታ እያደረገ፣ በጆሮው እየሰማ ይቃኘዋል። መምቻው ጫፉ ላስቲክ የተጠቀለለበት አጭር እንጨት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ መብራት የለም፤ ሞተር የለም፤ ከውጭ ሀገር የሚገዛ ዕቃ የለም። ያለው መዶሻ፣ እሳትና ጆሮ ነው።

የመሣሪያው ጉዳይ እንዲህ ሲፈታ፣ የሰው ጉዳይ ግን ብዙ ዓመት ቆየ። ፓን የሚመታ ልጅ ዱርዬ ነው ተባለ። እናቶች ልጆቻቸውን ፓን ከሚለማመዱበት ግቢ በዱላ ያስወጡ ነበር። የሰፈር ቡድኖችም እርስ በርስ ይደባደቡ ነበር። ነገሩ የተለወጠው አንድ ትልቅ ሰው ከልጆቹ ጎን ሲቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዝ ሀገር ትልቅ ፌስቲቫል ተዘጋጀ። ትሪኒዳድ ከየሰፈሩ ምርጥ ምርጥ ፓን ተጫዋቾችን፣ ትናንት የሚጣሉትን ሁሉ፣ ወደ አንድ ቡድን ሰበሰበች። መሪ ሆኖ የተሾመላቸው ጆሴፍ ግሪፊዝ በፖሊስ የሙዚቃ ባንድ ያደገ፣ ኖታ ያጠና የመቶ አለቃ ነበር። በርሜላቸው የጎደለውን ድምፅ ሁሉ እንዲይዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ባስም ከአንድ በርሜል በላይ እንዲሆን አሠራቸው። ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ ተጫወቱ፤ ሕዝቡ አላመነም። ልጆቹ ብረቱን ያውቁ ነበር፤ መምህሩ ኖታውን ያውቅ ነበር። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ፓን የሰፈር ጫጫታ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ «ፓኖራማ» የሚባል ታላቅ ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል። ትልልቆቹ ቡድኖች ከመቶ የሚበልጥ ተጫዋች ያሰልፋሉ፤ የትምህርት ቤት ልጆችም የራሳቸው ውድድር አላቸው። ፓን እ.ኤ.አ. በ1992 የሀገሪቱ ብሔራዊ መሣሪያ ተባለ። በ2023 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ኦገስት 11ን የዓለም ስቲል ፓን ቀን አድርጎ ወሰነ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 መሆኑ ነው፤ ከሻደይ 11 ቀን ይቀድማል።

ሻደይን ካነሳሁ ሦስተኛው ነጥቤ ላይ ደርሻለሁ። እኛ ምን አለን?

ልጃገረዶች፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ አድምጡኝ። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ የሻደዩን ሣር ወገባችሁ ላይ አስራችሁ፣ ጥልፍ ለብሳችሁ፣ ተኩላችሁ በቡድን ትወጣላችሁ። አንዷ ከበሮ ትይዛለች፤ አንዷ ታወርዳለች፤ ሌሎቻችሁ ትቀበላላችሁ። እጁ የተፈታውን ታሞግሳላችሁ፤ የሰሰተውን በግጥም ትነካላችሁ። ሲያሻችሁ በአማርኛ፣ ሲያሻችሁ በኽምጣኛ። ላስታ አሸንድዬ ይለዋል፣ ራያ ሶለል ይለዋል፣ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል፤ የእናንተው ሻደይ ነው። ካሊፕሶ ያለው ነገር ሁሉ እዚህ አለ፦ መሪና ተቀባይ፣ የሰሞኑን ነገር የሚያነሳ ግጥም፣ ውዳሴና ወቀሳ፣ ከጾም ጋር የተሳሰረ በዓል፣ በመንገድ እየሄደ የሚጫወት ቡድን።

እንዲያውም በአንድ ነገር ዋግ ትሪኒዳድን ትቀድማለች። እዚያ ፓን ለረጅም ጊዜ የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ፓን ግቢ መግባቷ ነውር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ገርል ፓት» የሚባል የሴቶች ብቻ ቡድን ሲቋቋም ሀገር ጉድ አለ። በዘፈኑም በኩል ካሊፕሶ ሮዝ የተባለችው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1978 ታላቁን ውድድር እስክታሸንፍ ድረስ ማዕረጉ «የካሊፕሶ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ እሷ ስታሸንፍ ስሙን ለመቀየር ተገደዱ። እዚህ ግን ከበሮው ከጥንት ጀምሮ በልጃገረዶች እጅ ነው። ግጥሙም የእነሱ ነው። የልጆች ቡድን ሲቋቋም መሪዎቹ ሴቶች ልጆች መሆን አለባቸው ብዬ አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው። ወንዶች ልጆች፣ ከብት ስትጠብቁ የምትነፉትን ዋሽንት ይዛችሁ ኑ፤ ቦታ አላችሁ። ከበሮውን ግን ከእጃቸው አትንጠቁ።

ሌላም አለን። በልጅነቱ ከዘይት ጣሳ ክራር ያልሠራ ማን ነው? የእርዳታ ዘይት የመጣበት ያ ጣሳ፣ ክፉውን ቀን የሚያስታውሰን ያ ጣሳ፣ እረኛ እጅ ሲገባ እንጨት ተሰክቶበት፣ ገመድ ተወጥሮበት ትዝታ ይጫወታል። ቢጫውን ጄሪካን ገልብጦ ከበሮ ያላደረገ ልጅስ አለ? ትምህርት ቤታችሁ በር ላይ እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ አንድ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው። ትሪኒዳድ ውስጥ እንዲህ ያለውን የመኪና ብረት የሚመታ ሰው ምቱን ለመቶው ተጫዋች ሁሉ ያስይዛል፤ እሱና ከበሮ መቺዎቹ ያሉበትን ክፍል «የሞተር ክፍል» ይሉታል።

ቀጥቃጮችም አሉን። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ብረት የሚሠራውን ሰው ስናዋርድ ኖረናል። ማረሻችንን ሠርቶ፣ ምሳራችንን ስሎ የሚያኖረንን ሰው ስም እየለጠፍን ከማዕዳችን አርቀነዋል። አዝማሪውንም እንደዚሁ፤ ሠርጋችንን አድምቆልን ሲያበቃ ልጃችንን አንድርለትም። ትሪኒዳድ ውስጥ በርሜል የሚቃኝ ሰው ዛሬ ሀገር የሚያከብረው ባለሙያ ነው። ኤሊ ማኔት በኋላ አሜሪካ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ሙያ አስተምሯል። የእኛ ቀጥቃጭ መዶሻውም እጁም ከማኔት አያንስም። ያነሰው የሰጠነው ክብር ነው።

የልጆች ባንድ ለሀገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑንም ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ያለ እነሱ አይተረክም። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግብጻዊው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል-ዳብ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ፤ ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩትን መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጡ። ሁለቱም ቦታ ላይ ያው ነገር አለ፦ መሰብሰቢያ ቦታና ሥራዬ ብሎ የሚያስተምር ሰው።

እንግዲህ አራተኛው፣ በምን እንጀምር?

በበርሜል አትጀምሩ። ይህን የምላችሁ የአብዛኛው ሰው ስሜት ቶሎ በርሜል ገዝቶ መቀጥቀጥ ስለሚሆን ነው። ጀማሪ የቀጠቀጠው በርሜል ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ልጆቹም ተስፋ ይቆርጣሉ። በከበሮ፣ በጄሪካን፣ በጣሳና በቸርኬ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ምት መያዝ ብቻ ይሁን። ልጆቹን አራት ቦታ ክፈሏቸው። አንደኛው ጓድ የሻደይን ምት በከበሮ ይያዝ። ሁለተኛው በትልቅ ጄሪካን ወፍራሙን ድምፅ ረጋ ብሎ ይምታ። ሦስተኛው በጣሳ፣ ከበሮው ዝም በሚልበት ክፍተት ላይ ብቻ ይግባ፤ የካሊፕሶ ጣዕሙ ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አራተኛው ቸርኬውን ይዞ ሁሉንም ያስከትል። አንዱ ጓድ ሌላውን እየሰማ ሳይስት ብዙ ደቂቃ መቆየት ከቻለ ባንድ ተወልዷል።

የፓን ቡድን አደረጃጀትም ይኸው ነው። ፊት ለፊት ዜማውን የሚይዝ ትንሽ ፓን አለ። መሀል ላይ ዜማውን የሚደግፉ፣ ድምፅ ከድምፅ የሚያጣምሩ ፓኖች አሉ። ከኋላ ባሱ አለ፤ አንድ ተጫዋች ስድስት ሙሉ በርሜል ዙሪያውን ደርድሮ እየተዟዟረ ይመታል። ማንም ብቻውን ዘፈኑን አይጨርስም። ባስ የሚመታው ልጅ ብቻውን ሲለማመድ ብትሰሙት ምን እንደሚጫወት አታውቁም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ነው ዘፈን የሚሆነው።

ኖታ የሚያነብ ሰው የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ትሪኒዳድ ውስጥ ብዙው ፓን ተጫዋች ዘፈኑን የሚያጠናው በጆሮው ነው። አቀናባሪው አንዲት ሐረግ ይጫወታል፤ ልጆቹ ይደግማሉ፤ ይደግማሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የቆሎ ተማሪ ዜማ የሚያጠናውም በዚሁ መንገድ አይደለም እንዴ? ከየኔታ አፍ እየሰማ፣ እየደገመ፣ እየታረመ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሬዳዊ ዜማ የተማሩ መሪጌቶች ካሉ፣ ለዓለማዊ ዘፈን ባይሆንም፣ ልጆችን በጆሮ የማስተማር ጥበባቸውን ለመምህራኑ ቢያካፍሉ ትልቅ ውለታ ነው።

ልጆቹ ምት ከያዙ በኋላ ወደ በርሜሉ መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ የእኛ ቅኝት ይረዳናል። የትሪኒዳዱ ትንሹ ፓን ወደ 30 የሚጠጋ ድምፅ ይይዛል፤ ያን ሁሉ በአንድ በርሜል ላይ አስማምቶ መቃኘት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። የእኛ ቅኝቶች ግን፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ በአንድ ኦክታቭ አምስት አምስት ድምፅ ነው የሚፈልጉት። ሁለት ኦክታቭ ለመጫወት 11 ድምፅ ይበቃል። ድምፁ ሲያንስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቦታ ይሰፋል፤ ቦታው ሲሰፋ ለመቀጥቀጥም ለመቃኘትም ይቀላል። በትዝታ የተቃኘ በርሜል እዚሁ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ከቀጥቃጩ ጎን ይቀመጥ፤ አንዱ ይምታ፣ አንዱ ይስማ። ግሪፊዝና የፓን ልጆቹ ያደረጉትን እኛም እናድርገው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን በርሜል አትንኩ፤ ነዳጅ የነበረበትን ደግሞ ሳይታጠብና ሳይናፈስ እሳት አታቅርቡበት፤ ይፈነዳል። ሥራው የአዋቂ እንጂ የልጆች አይሁን። ጆሮም ይጠበቅ፤ ሲቀጠቀጥ ልጆቹ ራቅ ይበሉ፤ የሚቀጠቅጠው ሰው ጆሮውን ይሸፍን።

ስለ ግጥሙም አንድ ነገር። የልጆች ቡድን ሲቋቋም ወዲያው መፈክር የሚያሸክመው ሰው ይበዛል። አንዱ ቢሮ ስለ ንጽሕና ዝፈኑልኝ ይላል፤ ሌላው ስለ ዘመቻው። ልጆቹ የሰው ቃል ተሸካሚ ይሆኑና ጣዕሙ ይጠፋል። ካሊፕሶ የኖረው ዘፋኙ ያየውን ስለሚናገር ነው። ልጆቻችን ያዩት ብዙ ነገር አለ። ዝናብ የቀረበትን ክረምት አይተዋል። ጦርነት አይተዋል። ውኃ ፍለጋ ጄሪካን አዝለው ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ከትምህርት ቤት ወጥታ የተዳረች ጓደኛቸውን ያውቃሉ። በኽምጣኛም በአማርኛም ራሳቸው ይግጠሙት። አዋቂ ሰው የሚያርመው ስንኙን እንጂ ሐሳቡን መሆን የለበትም። የማንወደውንም ነገር ይዘፍኑብን ይሆናል፤ እንስማቸው።

ወላጆች፣ የእናንተም ሥጋት ይገባኛል። ልጅ ሥራ አለው፤ ከብት አለ፣ እንጨት አለ፣ ውኃ አለ፣ ትምህርት በፈረቃ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አልጠይቃችሁም። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ቀኑ ግን አይዋዥቅ። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም የሚባል ቡድን ከሻደይ እስከ መስቀልም አይዘልቅም። ሴት ልጅ እንዳትቀር ደግሞ የምትለማመድበት ቀን ውኃ ለመቅዳት ወንድሟ ይሂድላት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቡድኑ የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው ግን በዚህ ነው።

መምህራን፣ ከእናንተ የምለምነው የትምህርት ቤቱን በር ነው። በእነዚያ ሁለት ቀኖች ግቢውን ክፈቱላቸው፤ መሣሪያቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ ክፍል ከነቁልፉ ስጧቸው፤ ከመሀላችሁ አንድ መምህር ኃላፊ አድርጉላቸው። የሀገር ሽማግሌዎች፣ ቀጥቃጩን ጠርታችሁ በሕዝብ ፊት ከመምህሩ እኩል ወንበር ስጡት። ልጆች፣ ነገ ከየቤታችሁ አንድ አንድ ባዶ ጣሳ ወይም የተቀደደ ጄሪካን ይዛችሁ ኑ። የመጀመሪያው ልምምድ የሚውልበትን ቀን ደግሞ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንቁረጥ።